ሎዋርን በብስክሌት፦ የፈረንሳይ ቤተ መንግሥታት ጉዞ ለጅማ ብስክሌተኛ ያዋጣል?

በሎዋር ወንዝ ዳር የተዘረጋው የብስክሌት መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ኔቨር ከተማ አጠገብ ካለችው ኩፊ ይነሳና አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር፣ ሴን ብሬቨን ሲደርስ ያበቃል። እዚህ የምንመዝነው ሙሉውን ሳይሆን ቤተ መንግሥታቱ የታጨቁበትን፣ ከብሏ እስከ ቱር፣ ከዚያም እስከ አዜ ለ ሪዶ ያለውን ክፍል ነው። ለአንድ ሳምንት ፈቃድ የሚሆነውም እሱ ነው።

ፍርዱ ከፊት ይምጣ። መንገዱ፣ የአቅጣጫ ምልክቱና ማደሪያው በጣም ጥሩ ናቸው። ባቡሩ በጁላይና በኦገስት ያስቸግራል። የምግብ ሰዓቱ ላልተዘጋጀ ሰው ከባድ ነው። ገንዘቡን ያዋጣል ወይ ለሚል፣ አዎ፣ በደንብ ያዋጣል፤ ኪሎ ሜትር ለመቁጠር ለሚሄድ ሰው ግን ባይሄድ ይሻላል።

ከጅማ የሚነሳ ብስክሌተኛ ካርታውን ሲያይ መጀመሪያ የሚለው «ይሄማ ሜዳ ነው፣ በቀን 80 እንነዳለን» ነው። እግሩ ይችላል። ከከተማ ወደ ጅሬን፣ ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ መውጣት የለመደ ሰው ሎዋር ዳር የሚፈራው አቀበት የለም። የማይበቃው ጊዜው ነው። የሻምቦርን ቤተ መንግሥት በወጉ ለማየት ሦስት ሰዓት ያስፈልጋል፣ ሸኖንሶ ከነአትክልት ቦታው ሁለት ሰዓት ተኩል። ዕቃ በተጫነ ብስክሌት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፣ 80 ኪሎ ሜትር ከአምስት ሰዓት በላይ ኮርቻ ላይ ያስቀምጣል። ምሳው፣ ውሃው፣ ፎቶው ሲጨመርበት ቀኑ ያልቃል፣ በሩም ይዘጋል። የቀን ልኩ ከ30 እስከ 45 ኪሎ ሜትርና አንድ ቤተ መንግሥት ነው። በየቀኑ ሁለት ቤተ መንግሥት አስገብቶ የሚሸጥ ፕሮግራም ካጋጠመዎት፣ ሁለተኛውን የሚያዩት ከውጭ መሆኑን አስቀድመው ይወቁት።

ጅማ ሳሉ የሚያልቅ ሥራ

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ትንፋሽ አያስጨንቅም፤ ሎዋር ዳር ያለው መንገድ በአብዛኛው ከ100 ሜትር በታች ነው። የሚያስጨንቀው መቀመጫ ነው። ዳገት ላይ ሰው ከኮርቻው ብድግ ይላል፣ ቁልቁለት ላይ ክብደቱን ፔዳሉ ላይ ያደርጋል። ሜዳ ላይ ግን ለሰዓታት ያለማቋረጥ በሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ላይ ይቀመጣል። በሦስተኛው ቀን ጉዞ የሚቋረጠው በዚህ እንጂ በእግር ድካም አይደለም። ስለዚህ ልምምዱ ጅሬን መውጣት ብቻ አይሁን። ወደ ቦዬ አቅጣጫ ባለው ሜዳማ መንገድ ላይ ሳይነሱ ሁለት ሰዓት መንዳት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት። ፈረንሳይ በጋ የምትለው የእኛን ክረምት ነውና ከሰኔ በኋላ ጭቃውና ዝናቡ አያስነዳም፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ሳይዘንብ ጠዋት ጠዋት መጀመር ይሻላል። ስፖንጅ ያለው ቁምጣ ሁለት ይያዙ፣ በየማታው አንዱ ይታጠባል። ከሥሩ የውስጥ ሱሪ አይለበስም፤ ስፌቱ ቆዳ ይልጣል።

አንድ ነገር ደግሞ በሜትር ይለኩ። የለመዱት ብስክሌት ላይ ፔዳሎቹን ከሚይዘው ዘንግ መሃል አንስተው፣ የኮርቻውን ዘንግ ተከትለው እስከ ኮርቻው አናት ያለውን ርቀት በሳንቲ ሜትር ይጻፉት። የኪራይ ብስክሌቱን ኮርቻ በዚያው ልክ ያስተካክሉ። ቁጥሩን ሳይዙ ከሄዱ ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ አድርገው ወደ ታች ሲገፉ ጉልበትዎ ቀጥ ማለት አለበት። ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ኮርቻ በሁለተኛው ቀን የጉልበትን ፊት ያሳምማል፤ ከፍ ያለ ደግሞ ከጉልበት ጀርባ።

ስንቅን በተመለከተ፣ ጭኮ ለብስክሌተኛ የሚመች ምግብ ቢሆንም ቅቤ ስላለበት ሻንጣ ውስጥ አይግባ። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ ተጓዥ ሥጋና የወተት ውጤት እንዳያስገባ ይከለክላል። ቆሎ፣ ቅቤ የሌለው ዳቦ ቆሎ፣ የተቆላ ቡና ይገባል። ማርም እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል።

ብስክሌቱን ሲረከቡ

ብስክሌት ከኢትዮጵያ ጭኖ መሄድ አያስፈልግም። በብሏ፣ በአምብዋዝና በቱር የኪራይ ቤቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ አንዱ ከተማ ተረክበው ሌላው ከተማ እንዲመልሱ ይፈቅዳሉ። ለዚህ መንገድ የሚሆነው ባለ ብዙ ማርሽ የቱሪስት ብስክሌት ነው፤ ኪራዩ በቀን በግምት ከ15 እስከ 25 ዩሮ ይደርሳል። የኤሌክትሪኩ እጥፍና ከዚያም በላይ ያስከፍላል። መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ጤነኛ ሰው የኤሌክትሪክ አያሻውም፤ ዕድሜያቸው ለገፋ ወላጅ ወይም ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ግን አብሮ ለመሄድ ትልቅ መላ ነው።

ከሱቁ ከመውጣትዎ በፊት አሥር ደቂቃ ይውሰዱ። ፈረንሳይ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የግራ እጅ ፍሬን የፊተኛውን ጎማ፣ የቀኝ እጅ የኋላውን ይይዛል። የለመዱት በተቃራኒው ከሆነ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ አሥር ጊዜ ይዘው ይልቀቁ፤ በድንገት ግራውን አጥብቆ የያዘ በመሪው ላይ ዘሎ ይወድቃል። ቀጥሎ የፊትና የኋላ ጎማውን አንስተው ያሽከርክሩ፤ ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ሽቦው ላልቷል፣ ዕቃ ሲጫንበት ይሰበራል፣ ይቀይሩልኝ ይበሉ። ማርሹን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ያስኪዱት። ነፋሱ 40 ሚሊ ሜትር ለሚሰፋ ጎማ ዕቃ ተጭኖ 4 ባር ገደማ ነው፤ ጎሚስታ ቤት በለመድነው ቁጥር 58 ፒ.ኤስ.አይ. ማለት ነው። ትልቁ መጠን ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል።

ቫልቩን ልብ ይበሉ። በብዙ የኪራይ ብስክሌት ላይ ያለው ጫፉ ትንሽ ብሎን ያላት ቀጭኑ ነው። ነፋስ ከመሙላት በፊት ብሎኗ ትፈታለች፣ ከሞሉ በኋላ ትጠብቃለች። የመኪና ዓይነቱን ወፍራም ቫልቭ ብቻ የሚይዝ ፓምፕ ይዞ የወጣ ሰው ጫካ ውስጥ ይቀራል። ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ሦስት የጎማ መፈልቀቂያ፣ ባለ 4፣ ባለ 5 እና ባለ 6 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ በቂ ነው። ጎማ ሲተነፍስ አዲሱን ከመግጠም በፊት የውጭውን ጎማ ከውስጥ በኩል በጣት ቀስ ብለው ይዳስሱ። ስለታሙ ጠጠር እዚያው ተሰክቶ ከቀረ አዲሱንም በአምስት ደቂቃ ይበሳዋል።

የጎን ቦርሳዎቹ በድምሩ ከ12 ኪሎ ባይበልጡ፣ ግራና ቀኙ እኩል ቢሆን፣ ከባዱ ዕቃ ከታች ቢቀመጥ ይመረጣል። የቦርሳው መንጠቆ ጠቅ ብሎ መቆለፉን እጅዎን አስገብተው ያረጋግጡ። በድንጋይ ንጣፍ መንገድ ላይ የሚነጠር ያልተቆለፈ መንጠቆ ከጎማው ሽቦ ጋር ይጠላለፋል።

መንገዱ ቀን በቀን

ከፓሪስ ኦስተርሊትዝ ጣቢያ በባቡር ብሏ መግባት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። የመጀመሪያውን ቀን አይንዱ፣ የብሏን ቤተ መንግሥት ይጎብኙ። አንድ ግቢ ውስጥ ከመካከለኛው ዘመን እስከ 17ኛው መቶ ዘመን ድረስ በተለያየ ጊዜ የተሠሩ ክንፎች ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል። እዚህ የግንቦቹን ዘመን መለየት የተማረ ሰው ሌሎቹን ሲያይ ግራ አይገባውም። ጊዝ የተባለው ኃያል መስፍን በንጉሥ ሄንሪ 3ኛ ትእዛዝ የተገደለው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ቀን 1588 እዚሁ ነው።

ሁለተኛው ቀን የሻምቦር ነው፤ ደርሶ መልስ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። ድልድዩን ተሻግረው የወንዙን ደቡብ ዳር ይዘው ይሄዱና ወደ ጫካው ይታጠፋሉ። የሻምቦር ግቢ 5,440 ሄክታር ነው፣ ዙሪያውን 32 ኪሎ ሜትር አጥር ይዞታል። ፍራንሷ ቀዳማዊ ግንባታውን ያስጀመረው በ1519 ሲሆን በሕይወቱ ያደረበት ጊዜ ሲደመር ሦስት ወር አይሞላም። ዕቃው ጥቂት ስለሆነ ብዙ ሰው «ባዶ ነው» ብሎ ቶሎ ይወጣል። ሻምቦር የሚታየው ግን ለቁሳቁሱ አይደለም፣ ለደረጃው ነው። መሃል ላይ ሁለት ጠመዝማዛ ደረጃዎች በአንድ ባዶ ምሰሶ ዙሪያ አንዱ በአንዱ ላይ ተጠምጥመው ይወጣሉ። አንዱ ሰው በአንደኛው ሲወጣ ሌላው በሌላኛው ይወርዳል፤ በምሰሶው መስኮቶች እየተያዩ ሳይገናኙ ይተላለፋሉ። ሁለት ሆናችሁ ከሄዳችሁ መግቢያዎቹን ተከፋፍላችሁ ሞክሩት፤ አሠራሩ የሚገባው በእግር ሲወጡት ብቻ ነው። መጀመሪያ በቀጥታ ጣሪያው ላይ ይውጡ፣ ክፍሎቹን ሲወርዱ ይዩ። ጣሪያው በጠዋት ባዶ ነው፣ ከሰዓት በኋላ መተላለፊያ የለውም።

ከሻምቦር ወደ ሸቬርኒ ቤተ መንግሥት 17 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ብዙዎች በዚያው ቀን ይጨምሩታል። አንመክርም። ልጆች ይዞ የሚሄድ ግን ሌላ ቀን መድቦ ሊያደርገው ይችላል፤ መቶ የሚደርሱ የአደን ውሾች አሉበትና ልጆች ደስ ይላቸዋል።

ሦስተኛው ቀን ከብሏ በሾሞን አድርጎ አምብዋዝ፣ 45 ኪሎ ሜትር አካባቢ። የሾሞን ቤተ መንግሥት ከወንዙ በላይ አፋፍ ላይ ስለሆነ መውጫው አጭርና ቀጥ ያለ ነው። ከሾሞን እስከ አምብዋዝም በወይን ማሳዎች መካከል ወጣ ገባ ይበዛል፤ የሳምንቱ ትንሽ ከበድ ያለ ቀን ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የአትክልት ፌስቲቫል ግቢው ውስጥ ስለሆነ ለሱ ሁለት ሰዓት ይመድቡ። ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ በ1559 ሲሞት ንግሥቲቱ ካትሪን ደ ሜዲቺ የባሏን ውሽማ ዲያን ደ ፗቲዬን ሸኖንሶን አስለቅቃ በምትኩ የሰጠቻት ይህንኑ ሾሞንን ነው። ሁለቱን በተከታታይ ያየ ሰው ልውውጡ ለምን እንዳስቆጣ ይገባዋል።

አራተኛውን ቀን ብስክሌቱ ያርፋል። አምብዋዝ በእግር የሚታይ ከተማ ነው። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1516 መጥቶ እስከ ሞተበት እስከ ሜይ 2 ቀን 1519 የኖረው ክሎ ሉሴ በተባለው ቤት ነው፤ መቃብሩ ያለው ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ፣ ሴንት ኡቤር ጸሎት ቤት ነው። ንጉሥ ቻርልስ 8ኛም በ1498 በዚሁ ቤተ መንግሥት የበር ጉበን ጭንቅላቱን መትቶት ሞቷል።

አምስተኛው ቀን ከሁሉም የተሻለው ነው። ከአምብዋዝ ሸኖንሶ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በሩ ሲከፈት መድረስ ይቻላል፤ አውቶቡሶቹ ከመምጣታቸው በፊት ያለው ሰዓት ወርቅ ነው። ቤተ መንግሥቱ ሼር ወንዝ ላይ ነው የቆመው። 60 ሜትር የሚረዝመው አዳራሽ በድልድዩ ቅስቶች ላይ ተዘርግቶ ወንዙን ተሻግሯል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሆስፒታል ነበር። በሁለተኛው ደግሞ ወንዙ ጀርመን በያዘችው ክልልና ባልያዘችው መካከል ድንበር ስለነበር፣ የአዳራሹ ደቡብ በር ወደ ነጻው ወገን ይከፈት ነበር። መጀመሪያ አዳራሹን፣ ቀጥሎ ከሥር ያለውን ወጥ ቤት፣ በመጨረሻ የዲያንን አትክልት ቦታ ይዩ። የባቡር ጣቢያው በሩ ላይ ስለሆነ ወደ ቱር በግማሽ ሰዓት ይገባሉ።

በስድስተኛው ቀን ከቱር የሼርን ዳር ይዘው ቪላንድሪ፣ 20 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሙሉ በሙሉ ሜዳ። ግብርና ለሚያውቅ የጅማ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀው ይህ ግቢ ሳይሆን አይቀርም። ዝነኛው አትክልት ቦታ የጎመንና የቀይ ሥር ማሳ ነው፤ በዘጠኝ አራት ማዕዘኖች፣ በቀለም ተመርጦ እንደ ጥበብ ጥለት ተተክሏል። ስፔናዊው ዮአኪም ካርቫሎ እ.ኤ.አ. በ1906 ገዝቶ ነው ወደ ጥንቱ አሠራር የመለሰው። ወደ አዜ ለ ሪዶ ደግሞ ከአሥር ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። አንድር ወንዝ የከበበውን ትንሽ ቤተ መንግሥት አይተው በባቡር ወደ ቱር ይመለሱ።

የሚያበላሹት ነገሮች

ነፋስ አንደኛው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ፣ ከውቅያኖሱ ይነፍሳል፤ ከብሏ ወደ ቱር የሚሄድ ፊት ለፊት ይቀበለዋል። ከሰዓት በኋላ ስለሚጠነክር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ መነሳት ነው። ነፋስ የሚጠላ ሰው ጉዞውን ገልብጦ ከአዜ ጀምሮ ብሏ ላይ ቢጨርስ ምንም አይጎድልበትም።

ሙቀቱ ቀላል አይደለም። የጅማ ሰው የለመደው ዳመናና ጥላ ነው። በጁላይና በኦገስት እዚያ 35 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚሆንባቸው ቀናት አሉ፣ የወንዙ መከላከያ ግድብ ላይ ያለው መንገድ ደግሞ ዛፍ የለውም። ሁለት ሊትር ውሃ ይያዙ። ሲያልቅ በየመንደሩ የመቃብር ቦታ በር አጠገብ ቧንቧ ይፈልጉ፤ «ኖን ፖታብል» የሚል ጽሑፍ ካለበት ግን አይጠጣም።

ምግብ ቤቶች ምሳ የሚያቀርቡት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ነው። 8 ሰዓት ተኩል ላይ የደረሰ ሰው ወጥ ቤቱ ተዘግቶ ያገኘዋል፤ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ አይከፈትም። እሑድ ከሰዓትና ሰኞ ብዙ ሱቅ ዝግ ነው፣ ኦገስት 15 ደግሞ በዓል ነው። ፍልሰታን የሚጾም ሰው ጉዞው ከኦገስት 7 እስከ 21 ከሆነ ምግብ ቤት ላይ አይተማመን፤ ከገበያ ዳቦ፣ ቲማቲም፣ ምስር፣ ፍራፍሬ ገዝቶ ወጥ ቤት ያለው ማደሪያ ቢይዝ ይቀለዋል። ሐላል ሥጋ ለሚፈልግ ቱርና ብሏ ላይ ይገኛል፤ በትንንሾቹ መንደሮች ግን ተስፋ ማድረግ አይቻልም።

ባቡሩ ላይ የክልሉ መደበኛ ባቡሮች ብስክሌት ብዙ ጊዜ በነጻ ይጭናሉ፣ ቦታው ግን ጥቂት ነው፤ በፈጣኑ ባቡር ደግሞ አስቀድሞ ቦታ መያዝና መክፈል ግዴታ ነው። የጠዋቱን ባቡር ይምረጡ። ባቡሩ ከመድረሱ በፊት የጎን ቦርሳዎቹን አውርደው ይያዙ፣ የብስክሌት ሥዕል ያለበትን በር እየጠበቁ ይቁሙ። ቦርሳውን ሳያወርድ የሚታገል ሰው ነው በሩ ላይ የሚቀረው።

ማደሪያውን ያለ ቅሬታ እናሞግሳለን። «አኬይ ቬሎ» የሚል ምልክት የለጠፈ ቤት ከብስክሌት መንገዱ ከ5 ኪሎ ሜትር አይርቅም፣ የሚቆለፍ የብስክሌት ማስቀመጫና የጥገና መሣሪያም አለው። ምልክቱ ለማስታወቂያ ብቻ የተለጠፈ አይደለም።

በጥቅል ወይስ በራስ?

ማደሪያ፣ ብስክሌት፣ ካርታና የሻንጣ ማጓጓዣ በአንድ ላይ የሚሸጡ ድርጅቶች አሉ። ሻንጣው በመኪና ይቀድማል፣ ተጓዡ ቀለል ብሎ ይነዳል። በራስ ከማዘጋጀት ይወደዳል። ሆኖም ከኢትዮጵያ ለሚሄድ አንድ ጥቅም አለው፦ የእያንዳንዱን ሌሊት ማደሪያ የሚያሳይ አንድ ደረሰኝ ለሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ይመቻል። ማመልከቻው ከጉዞው በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ይገባል፤ ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ዋስትናም ይጠየቃል። ቪዛው ቢከለከል ገንዘቡ የሚመለስበትን ውል ሳያነቡ ግን አይክፈሉ። የመግቢያ ዋጋውንም ከየቤተ መንግሥቱ የራሱ ገጽ ላይ ይዩ፤ ሻምቦር እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣውን ጎብኚ ከፍ አድርጎ ያስከፍላል።

የመጨረሻው ጉዳይ መያዣ ነው። የኪራይ ቤቶች ብስክሌቱን ሲሰጡ ካርድ ላይ መያዣ ገንዘብ ያግዳሉ። ከአገር ቤት ባንክ የተሞላ የውጭ አገር የጉዞ ካርድ ለግዢ ቢሠራም እንዲህ ያለውን እገዳ ላይቀበል ይችላልና ከመነሳትዎ በፊት ባንክዎን ይጠይቁ። የማይሠራ ከሆነ ለኪራይ ቤቱ አስቀድመው ጽፈው መያዣውን በጥሬ ገንዘብ እንዲቀበሉ ያስማሙ። ሲረከቡም ሲመልሱም ብስክሌቱን በአራቱም ጎን ፎቶ ያንሱት፣ የመመለሻውን ወረቀት ያስፈርሙ። የታገደው ገንዘብ ሲለቀቅ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል፣ ለመመለሻ የሚሆነውን ወጪ ከሱ ላይ አያስቡ።